የጨዋታውን ሣጥን ስለ መጥረግና ስለ መጠገን

ባለፈው ወር ስለ ልብስ ስፌት መኪና አያያዝ ጥቂት ቃል ተናግረን ነበር። በዚህ ወር ደግሞ ብዙ ወላጆች ስሙ እንዲነሣባቸው ስለማይወዱት አንድ ዕቃ ልንናገር አስበናል። ይኸውም ከቴሌቪዥን ጋራ ተያይዞ ልጆች የሚጫወቱበት፣ በከተማችን በመካነ ሰላም ፕሌይስቴሽን እየተባለ የሚጠራው የጨዋታ ሣጥን ነው። ለኦርቶዶክሳውያን ቤተ ሰብ በሚታተም መጽሔት ላይ እንዲህ ያለ ነገር መነሣቱ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ እስከ ፍጻሜው ድረስ በትዕግሥት እንዲከተለን እንለምነዋለን።

ነገሩ ከምን እንደ ተነሣ አስቀድመን እንናገር። በመናኸሪያው አጠገብ የምትኖር አንዲት እናት አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለመንገደኛ ቡና እያፈላች፣ በዚያው ክፍል ማዕዘን ደግሞ ቴሌቪዥንና አንድ አሮጌ ፕሌይስቴሽን አስቀምጣ ልጆችን በጥቂት ብር እያጫወተች ነው። ሣጥኑን ያመጣችላት ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ታናሽ እኅቷ ናት። እኛም እውነቱን ለመናገር ይህችን ክፍል አንወዳትም ነበር። ከተማሪዎቻችን ሁለት ሦስቱ በትምህርት ሰዓት በዚያ ተገኝተዋልና፤ በእሑድ ማለዳም ሕዝቡ ቅዳሴ ለማስቀደስ በደጇ ሲያልፍ የኳስ ጨዋታው ጩኸት ይሰማ ነበርና። ስለዚህ ባለፈው ጥር «ሣጥኑ ሲዲ ማንበብ እምቢ አለ» ሲባል በሰማን ጊዜ በልባችን ደስ አለን። ይህን የምንጽፈው ልንመካበት ሳይሆን ልናፍርበት ነው።

ደስታችን አንድ ሳምንት አልቈየም። የሴትዮዋ የበኵር ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪያችን ነው፤ በሂሳብ ትምህርት ከክፍሉ የሚበልጠው የለም። ይህ ልጅ ከወንበሩ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ምክንያቱን ልንጠይቅ ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቱም ቡና እየቀዳችልን እንዲህ አለችን፤ «መምህር፣ አንቱ ስለ ትምህርቱ ይጠይቁኛል፤ እኔ ስለ ቤት ኪራዩ ማንን ልጠይቅ? ሣጥኑ ከተኛ ወዲህ የሚገባ ነገር የለም። ጠጋኙም ‹ሞቷል፣ ሌላ ግዢ› ብሎኛል። ልጁን ደሴ ለአጎቱ ልሰደው ነው፤ የቀን ሥራ አያጣም።» እኛም የምንመልሰው አጣን። በልባችን የተደሰትንበት ብልሽት የአንድን ልጅ ትምህርት ሊዘጋ መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቅን።

ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ያን ሁሉ ሕዝብ ከመገበ በኋላ፣ የተረፈው ቍርስራሽ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ ማዘዙን፣ ዐሥራ ሁለት መሶብም መሙላቱን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንሰማለን። እንጀራውን እንደ ወደደ ማብዛት የሚቻለው አምላክ ፍርፋሪ እንዳይጣል ካዘዘ፣ አንዲት ብሎን እንኳ መፍጠር የማይቻለን እኛ ገና ሳንከፍተው «ሞቷል» ብለን ዕቃ የምንጥል እንደ ምን ያለን ባለጸጎች ነን? ይህን እያሰብን ልጁን «ካቻቢቴ አለህ?» አልነው። «አለ፣ መምህር፤ ግን እናቴ እንዳልነካው ከልክላኛለች» አለ። እናቱን አስፈቀድን፤ የፊዚክስ አስተማሪ የሆነውን ባልንጀራችንንም ይዘን በማግሥቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመስኮቱ ብርሃን አጠገብ ተቀመጥን።

ስለ ዕቃው ጥቂት መናገር ይገባል። ይህ ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን የሚባለው ነው። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2000 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለገበያ አወጣው፤ በ2004 ቀጭኑን ዓይነት ጨመረ፤ በ2013 መጀመሪያ ላይም መሥራቱን አቆመ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። እንግዲህ በየቤቱ ያለው ሁሉ ከዐሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ሽማግሌ ነው፤ አዲስም አይሠራም። ስለዚህ ባለቤቱ ምርጫው ሁለት ነው፤ መጠገን ወይም መጣል።

ሲዲው ላይ ያለው ጨዋታ ሁሉ የተጻፈው ዓይን በማያያቸው እጅግ ጥቃቅን ጕድጓዶች ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለችው የምስር ፍሬ የምታህል ሌንስ ቀጭን የብርሃን ጨረር ወደ ሲዲው ትልካለች፤ ተመልሶ የሚመጣውንም ብርሃን ተቀብላ ታነባለች። የዚህን ሣጥን ክዳን ስንከፍት በሌንሷ ላይ ያገኘነው ቡናማ ጭጋግ የመሰለ ነገር ነው። ባልንጀራችን ዙሪያውን ተመለከተና ዓይኑን ከምድጃው ላይ አሳረፈ። ከሣጥኑ ሁለት ክንድ በማይርቅ ቦታ ለዓመታት ቡና ተቈልቷል፣ ዕጣን ጤሷል፣ ከሰል ነዷል። ጢሱ ግድግዳውን እንዳጠቈረው ሁሉ ሌንሷንም ጋርዷታል። ዓይኑ ሞራ የለበሰ ሰው ሞተ አይባልም፤ ሣጥኑም እንዲሁ ነበር።

በጥጥ ጠርገን ብንሞክረው አላነበበም። ልጁ ዝም ብሎ መሬት መሬት አየ። ሁለተኛ ነቅለን፣ ሌንሷ ወዲያና ወዲህ የምትሄድባቸውን ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ብናይ፣ በላያቸው የነበረው ቅባት ከአቧራ ጋራ ተጋግሮ ደርቋል። እርሱንም ጠርገን ጥቂት የማሽን ግራሶ ቀባንና መልሰን ሰካነው። በዚህ ጊዜ ሲዲው ዞረ፤ ሥዕሉም በቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ። እናቱ ረከቦቱን ትታ መጥታ ቆመች፤ አንድ ቃልም አልተናገረች። በማግሥቱ ልጁ ከወንበሩ ተገኘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቤታቸው እንዲህ ያለ ሣጥን ያላቸው ወላጆች እየጠየቁን ስለ ሆነ፣ የተማርነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠበቀው የሰው ሕይወት ነው። ሣጥኑ ሳይከፈት ገመዱ ከሶኬቱ ይነቀል፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ትልቁና ወፍራሙ ዓይነት የኤሌክትሪክ ክፍሉ በውስጡ ስለ ሆነ፣ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተር በሚባሉት ዕቃዎች ውስጥ ኃይል ተከማችቶ ይቈያል፤ ስለዚህ ያን ክፍል ልጅ እንዳይነካው ይሁን። ጀርባው ወፍራም የሆነውን የድሮ ቴሌቪዥን ግን ፈጽሞ አትክፈቱ። ጠፍቶ ሲቀመጥም ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቈይ ይችላልና፤ እርሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

የመብራቱም ነገር አይረሳ። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑንም ቴሌቪዥኑንም ከሶኬት መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ያሻል። ሲመለስ ኃይሉ ከመጠን ሊያልፍ ይችላልና። ከባሕር ማዶ ዘመድ የላከው ዕቃ ሲሆን ደግሞ ሳይሰካ በፊት በጀርባው ወይም በገመዱ ሣጥን ላይ የተጻፈው ቍጥር ይነበብ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ የጃፓን 100፣ የአሜሪካም 120 ነው። ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈበት አይጎዳም፤ 100 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ያለ ትራንስፎርመር የተሰካ ዕለት ይቃጠላል።

ሌንሷን ለመጥረግ በቀጭን እንጨት ላይ የተጠመጠመ ንጹሕ ጥጥና ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ አልኮል ይበቃል። አልኮሉ ከመቶ ዘጠና እጅና ከዚያ በላይ የጠራ ቢሆን መልካም ነው፤ ሰባ እጅ የሆነው ውሃ ስለሚበዛበት ቶሎ አይደርቅም። አረቄ፣ ቤንዚን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም አይሆኑም፤ የኋለኛው እንዲያውም ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ጥጡን በጥቂቱ አርጥቦ፣ ሳይጫኑ፣ የሕፃን ዓይን እንደሚጠርጉ በዝግታ መጥረግ፣ እስኪደርቅም መጠበቅ ነው። ሣጥኑ እየሠራ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ሌንሷ መመልከት ለዓይን አደጋ ነው፤ ከጨረሩ ዓይን የማያየው አለበትና። በዘንጎቹም ላይ የምግብ ዘይት ወይም ቅቤ አይቀባ፤ ይደርቃል፣ አቧራም ይሰበስባል።

አንዳንድ ጠጋኞች ሌንሷ ሲደክማት አጠገቧ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ እያዞሩ የጨረሩን ኃይል ይጨምራሉ። ይህ የፋኖስን ክር ከልክ በላይ እንደ ማውጣት ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ደምቆ ይበራል፣ ነገር ግን ክሩ ቶሎ ያልቃል። ጠርጎ ሳይሞክሩ ወደዚህ መሄድ አይገባም።

ሲዲው ሲጠረግ ከመካከሉ ጀምሮ ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ በዙሪያው አይሁን። ጽሕፈቱ የሚሄደው በዙሪያው ነውና፣ በዚያው አቅጣጫ የተጫረ እንደ ሆነ ከአንድ ገጽ ብዙ መሥመር በአንድ ጊዜ እንደ መሰረዝ ይሆናል። ከመካከል ወደ ዳር የተጫረ ግን ከየመሥመሩ አንዳንድ ፊደል እንደ ማጥፋት ነው፤ ያን ያህሉን መሣሪያው ራሱ አስተካክሎ ያነበዋል። የሚሞሪ ካርዱን ጥርስና የገመዱን መሰኪያ ደግሞ ልጆች «እፍ» እያሉ ያጸዳሉ። ትንፋሽ እርጥበት አለበትና ውሎ አድሮ ብረቱን ያበላሸዋል፤ አልኮል የነካው ጥጥ ይሻላል።

ሣጥኑ የሚሞተው በሙቀትም ነው። በጎኑና በጀርባው ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻዎቹ ናቸው፤ የበጋው አቧራ፣ የባናው ጠጕር ይደፍናቸዋል። በወር አንድ ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጉ። ውስጡ ሲከፈት ማራገቢያው በጣት ተይዞ ሳይሽከረከር ይጠረግ። ቦታውም ከምድጃ የራቀ ጠንካራ ሰሌዳ እንጂ ባና ወይም ምንጣፍ አይሁን፤ ጌጠኛ ልብስም ሲሠራ አይልበስ።

ጆይስቲኩ ላቡንም፣ የዳቦውን ፍርፋሪም የሚቀበል የልጆች እጅ ባልንጀራ ነው። ቍልፉ ሲይዝ ወይም ሲጣበቅ ከጀርባው ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ፣ የላይ ልብሱንና ቍልፎቹን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ ከቍልፎቹ ሥር ያለውን ጎማ እርጥብ ጨርቅ ማስነካት ነው። የኤሌክትሪክ መሥመር ያለበት ክፍል ግን ውሃ አይንካው። ገመዱን በጆይስቲኩ ላይ አጥብቆ መጠምጠም አንገቱን ይሰብረዋል፤ አላልቶ ማንጠልጠል ይበጃል። አባቶቻችን «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ሣጥኑ በተከፈተ ቍጥር ቀንና ሰዓት የሚጠይቅ ከሆነ በውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። እርሷን መለወጥ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እናቶች ሆይ፣ ይህን አጥብቃችሁ ስሙ፤ አሮጌዋ ባትሪ ከወለል ላይ እንዳትቀር። ሕፃን የዋጣት እንደ ሆነ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጕሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ እስኪነጋ ሳይባል ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

በመጨረሻም የብሎኖቹ ነገር። ልጁ ሣጥኑን ለብቻው የከፈተ ዕለት መልሶ ከገጠመ በኋላ አንዲት ብሎን በእጁ ቀረች። «ያለ እርሷም ይሠራል» አለን። እኛም እንደ ገና አስፈታነው። በነጭ ወረቀት ላይ የሣጥኑን ሥዕል እንዲሥል፣ እያንዳንዷንም ብሎን ከወጣችበት ቦታ ላይ እንዲያኖራት አደረግን። ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ግን ምንም ነገር ሲፈታ አስቀድሞ ሥዕሉን ይሥላል።

አንዳንዶች «ዲያቆን ሆኖ የተማረ ሰው ልጆችን ከቅዳሴ የሚያስቀር ዕቃ ይጠግናልን?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ይህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ጨዋታን አልጠላችም፤ በልደት በዓል የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ያደጉ አባቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። የሚጎዳው ጨዋታው የጸሎቱን፣ የትምህርቱንና የሥራውን ሰዓት ሲወስድ ነው። ሰዓቱን የሚያበላሸው ደግሞ ሣጥኑ አይደለም፤ ሰዓቱን የሚጠብቅ ሰው መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ከእናትዮዋ ጋራ ተነጋገርን። እርሷም «እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ አልከፍትም፤ ይህ የእኔም ነውር ነበር። የልጆቹን ደብተር ማየት ግን ለእኔ አይቻለኝም፤ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ፈረቃ ሰዓት በትልቁ ይጻፉልኝና ከግድግዳው ልለጥፍ» አለች። ጻፍንላት። ሁሉ ተስተካከለ ብለን አንዋሽም፤ ፈረቃውን እየዋሸ የሚገባ ተማሪ ዛሬም አለ። ነገር ግን ባለፈው ወር እንዲህ ያለውን ልጅ ከደጅ የመለሰው እኛ ሳንሆን የቤቱ ልጅ ነው።

ይህን ዓይነት ጨዋታ ከቤት ቴሌቪዥን ጋራ ለማያያዝ አስቀድመው ካሰቡት ዋነኛው ራልፍ ቤር የተባለ ሰው ነው። በጀርመን ከአይሁድ ወገን ተወለደ፤ በ1938 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከናዚዎች አምልጦ በስደት አሜሪካ ገባ። በዚያም በፋብሪካ እየሠራ የሬዲዮ ጥገና ተምሮ በ1940 ተመረቀ፤ በኒው ዮርክ ከተማም የሰው ሬዲዮ እየጠገነ ኖረ። የእርሱ ፈጠራ ኦዲሲ ተብሎ ለገበያ የወጣው በ1972 ነው። እንግዲህ ለዛሬው የጨዋታ ሣጥን ሁሉ እንደ አባት የሚቈጠረው ሰው ሥራውን የጀመረው የተበላሸ የሰው ዕቃ በመክፈት ነው። ተጫዋች ብቻ የሆነ ልጅ ሣጥኑ ሲሞት አብሮ ሥራ ይፈታል፤ መጠገን የተማረ ልጅ ግን ሣጥኑ ቢሞት እንኳ የተማረው ነገር በእጁ ይቀራል።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። የአብነት ተማሪ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ፣ የመቃ ብዕሩን ራሱ ቀርጾ ይጽፍ ነበር። በጎረቤታችን በአማራ ሳይንት እንደ ተድባበ ማርያም ባሉት ጥንታውያን አድባራት ብራና ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው ዝም ብሎ ስለማያረጅ አይደለም፤ በማኅደሩ የሚከተው፣ ከጢስና ከእርጥበት የሚጠብቀው፣ ስፌቱ ሲላላ የሚሰፋው ሰው ስላለ ነው። ያ ትጋት ከመጽሐፍ ላይ የሚማሩት ሆኖ ከሣጥን ላይ የሚነፈግበት ምክንያት የለም፤ የሚያስተምረው ያው እጅና ያው ትዕግሥት ነውና።

በቤታችሁ ከመደርደሪያ ጀርባ የተጣለ እንዲህ ያለ ሣጥን ያላችሁ ወላጆች፣ ከመጣላችሁ ወይም ለቈራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከልጃችሁ ጋራ ተቀመጡ። ገመዱን ንቀሉ፤ ነጭ ወረቀት አንጥፉ፤ ካቻቢቴውንም ለልጁ ስጡት። ባይነሣ እንኳ የከሰረ ነገር አይኖርም። ያ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ዛሬ ደብተር ይዟል፤ ባንድ ወገን የሂሳብ መልመጃ፣ ባንድ ወገን የጠገናቸው ዕቃዎች ዝርዝር ተጽፎበታል። በዝርዝሩ ላይ እስከ ባለፈው ሳምንት ሦስት ጆይስቲክ፣ አንድ ሬዲዮና የእናቱ የእጅ ባትሪ ነበሩ። ወደ ደሴ የመሄዱም ነገር እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።